ዘንቢሉ ሲቀል ገበታው እንዳይቀል

ሰሞኑን ጎረቤት ከጎረቤት ሲገናኝ የመጀመሪያው ወሬ የገበያ ዋጋ ሆኗል። «ደህና አደርሽ» ሳያልቅ «ሽንኩርት ዛሬ ስንት ገባ?» ይከተላል። ደሞዝተኛውም ጡረተኛውም፣ የቀን ሠራተኛውም ባለ ሱቁም የሚያወሩት አንድ ነው፤ ብሩ ያው ነው፣ ዘንቢሉ ግን እየቀለለ ይመለሳል። ይህን ጽሑፍ ይዤ የቀረብኩት ስለ ኑሮ ውድነት ለማማረር አይደለም፤ ማማረሩን ሁላችንም እናውቅበታለን። በእጃችን ባለችው ብር ምን ብንገዛ ልጆችም አዛውንቶችም ጤናቸው ተጠብቆ ይኖራሉ የሚለውን ግን በደንብ የተነጋገርንበት አይመስለኝም።

ከ30 ዓመት በላይ በነርስነት ሳገለግል ብዙውን ጊዜዬን ያሳለፍኩት ሕፃናትን በመመዘንና እናቶችን በማማከር ነው። ከሚዛኑ አጠገብ ቆሜ የተረዳሁት አንድ ነገር አለ። ቤት ውስጥ ገንዘብ ሲያጥር መጀመሪያ የሚጎድለው ሆድ የሚሞላው አይደለም። ሆድ በእንጀራም፣ በዳቦም፣ በሻይም ይሞላል። መጀመሪያ የሚጎድለው የምግቡ ዓይነት ነው። እንቁላሉ ይቀራል፤ ጎመኑ በሳምንት አንድ ቀን ይሆናል፤ ምስሩ ይቀጥናል። ስኳሩ፣ ብስኩቱና ለስላሳው ግን ባሉበት ይቆያሉ። ስለዚህ የዛሬው ጥያቄዬ «ስንት ብር እንቀንስ?» ሳይሆን «ከየትኛው ላይ እንቀንስ?» የሚል ነው።

ሆዱ ሞልቶ የሚቀነጭር ልጅ

መቀንጨር የሚባለውን ቃል ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ሰምታችሁት ይሆናል። አንድ ልጅ በምግብ እጥረት ምክንያት ለዕድሜው የሚገባውን ቁመት ሳያገኝ ሲቀር ነው። በ2011 ዓ.ም. በአገራችን በተካሄደው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት መሠረት ከ5 ዓመት በታች ከሆኑ ሕፃናት 37 ከመቶው የቀነጨሩ ነበሩ። ከ10 ልጆች ወደ 4 የሚጠጉ ማለት ነው። ጉዳቱ ቁመት ላይ ብቻ አይቆምም፤ በሽታን የመቋቋም ኃይልንና የትምህርት አቀባበልንም ይነካል። ዋነኛው ጊዜ ደግሞ ከፅንስ ጀምሮ ሁለተኛ ዓመት እስኪሞላ ያሉት 1000 ቀናት ናቸው። ያ ጊዜ ካለፈ በኋላ የጎደለውን መሙላት በጣም ከባድ ነው።

በሥራ ዘመኔ ያየኋቸው የቀነጨሩ ልጆች ሁሉ የሚበላ ያጡ አልነበሩም። ከዓመታት በፊት በአንድ የገጠር ጤና ጣቢያ ስሠራ አንዲት እናት የዓመት ከመንፈቅ ልጇን ይዛ ትመጣ ነበር። ልጁ በየወሩ ሲመዘን ክብደቱ ንቅንቅ አይልም። ስለ አመጋገቡ ስጠይቃት ዶሮ እንደምታረባ፣ እንቁላሉን በገበያ ቀን እንደምትሸጥና በብሩ ስኳርና ብስኩት ለልጁ እንደምትገዛ ነገረችኝ። «ሲስተር፣ የከተማ ልጅ እኮ የሚፋፋው በብስኩት ነው» አለችኝ። «የከተማው ሰው ደግሞ ያንቺን እንቁላል ገዝቶ ለልጁ ያበላል» አልኳት። ሳቀች። ዶሮዎቿ ከሚጥሉት ላይ በሳምንት አራቱን ለልጁ እንድታስቀር፣ የቀረውን እንድትሸጥ ተስማማን። ከሦስት ወር በኋላ የልጁ ክብደት ጨምሮ መጣ። የቤቷ ገቢ አልጨመረም፤ የተለወጠው የሚሸጠውና የሚገዛው ብቻ ነው።

ይህች እናት የገጠር ናት ብላችሁ እንዳታልፏት። በከተማም በየቀኑ የምናደርገው ይኸንኑ ነው። በእንቁላል ብር ብስኩት፣ በወተት ብር ለስላሳ፣ በብርቱካን ብር በቀለም የተበረዘ የዱቄት ጭማቂ እንገዛለን።

ጥራጥሬ የድሃ ምግብ አይደለም

ብር ሲያጥር የመጀመሪያው የግዢ ረድፍ ለጥራጥሬ ይሁን። ምስር፣ አተር፣ ባቄላና ሽምብራ ደረቃቸውን ሲመዘኑ በ100 ግራም ውስጥ ከ20 እስከ 25 ግራም ገደማ ፕሮቲን አላቸው። አጥንት የሌለው ጥሬ የበሬ ሥጋ ከ20 ግራም ብዙ አይርቅም። በዚያ ላይ ሥጋ ሲበስል ይሸሻል፤ አንድ ኪሎ ምስር ግን ውኃ ጠጥቶ ከሁለት ኪሎ በላይ ይሆናል። የሁለቱን የኪሎ ዋጋ እናንተው በሰፈራችሁ አስተያዩት።

ምስር ሥጋን ሙሉ በሙሉ ይተካል ማለቴ አይደለም። በሥጋ ውስጥ ያለው ብረት ወደ ደም ለመግባት ይቀለዋል፤ ቫይታሚን ቢ12 የሚባለውም የሚገኘው ከእንስሳት ተዋጽኦ ነው። ነገር ግን በወር አንድ ቀን ሁለት ኪሎ ሥጋ ገዝቶ ከመጨረስ ይልቅ፣ ያንኑ ብር በየሳምንቱ ለጥቂት እንቁላልና ለጥራጥሬ ማከፋፈል ለልጆች ዕድገት ይበጃል። ሰውነት የዛሬን ፕሮቲን ለመጪው ወር አያስቀምጥም።

አባቶቻችንና እናቶቻችን ሽሮን ከእንጀራ ጋር ያጋቡት ያለ ምክንያት አይደለም። እህል የሚጎድለውን ጥራጥሬ ይሞላል፤ ጥራጥሬ የሚጎድለውንም እህል ይሞላል። ሁለቱ አንድ ገበታ ላይ ሲገናኙ ፕሮቲኑ የተሟላ ይሆናል። ንፍሮም እንደዚሁ ነው። ስንዴና ሽምብራ ወይም ስንዴና ባቄላ ተቀቅሎ ለተማሪ ምሳ ዕቃ ቢጨመር ከማንኛውም የታሸገ መክሰስ ይበልጣል። ማታ ዘፍዝፋችሁ ብታሳድሩት ቶሎ ይበስላል፤ ከሰሉም መብራቱም ይቆጠባል።

በጥራጥሬ ግዢ ላይ ሦስት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ ከተቻለ ድፍኑን ገዝታችሁ፣ ለቅማችሁ፣ ቆልታችሁ ወፍጮ ቤት አስፈጩ። ተፈጭቶ የሚሸጥ ሽሮ ውስጥ ምን እንደገባ ዓይን አያይም። ሁለተኛ፣ ጓያን ተጠንቀቁ። ጓያ ዋና ምግብ ሆኖ ለሳምንታትና ለወራት ሲበላ እግርን ሽባ የሚያደርግና የማይድን በሽታ ያመጣል፤ ጎጃም፣ ጎንደርና ወሎ በድርቅ ዘመን ያዩት ጉዳት ነው። በርካሽ የሚሸጥ ሽሮ ሲገጥማችሁ «ከምን የተሠራ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ሦስተኛ፣ የሻገተ ወይም ሽታው የተለወጠ ለውዝና በቆሎ በነፃ ቢሰጧችሁም አትውሰዱ። ሻጋታው የሚያመርተው መርዝ ጉበትን ይጎዳል፤ ቢቆላም ጨርሶ አይጠፋም።

ማኛ ወይስ ሠርገኛ?

ጤፍ የቤታችን ትልቁ ወጪ ስለሆነ እዚህ ላይ የሚቆጠብ ብር ብዙ ቦታ ይደርሳል። ማኛ የሚባለው ነጭ ጤፍ ውድ የሆነው በእንጀራው ንጣትና በተፈላጊነቱ ነው እንጂ በምግብነቱ ከሠርገኛ ስለሚበልጥ አይደለም። በሁለቱ መካከል ያለው የንጥረ ነገር ልዩነት ትንሽ ነው። እንግዳ ሲመጣ ነጭ እንጀራ ማቅረብ ባህላችን ነው፤ ለዕለት ጉርስ ግን ሠርገኛው ይበቃል። በዋጋው ልዩነት ብቻ ለሳምንቱ የሚሆን ጎመንና ጥቂት እንቁላል ይወጣል።

ስለ ቀይ ጤፍም ልጨምር። ቀይ ጤፍ ብረት ስላለው ለደም ማነስ መድኃኒት ነው ሲባል ሰምታችኋል። ጤፍ ብረት እንዳለው እውነት ነው። ሆኖም በአውድማ ላይ በከብት ሲበራይ ከአፈር የሚቀላቀል ብረትም አብሮ ይቆጠራል፤ ያኛው ደግሞ ወደ ደም ብዙ አይገባም። ስለዚህ ሐኪም የደም ማነስ ያገኘበት ልጅ ወይም ነፍሰ ጡር ቀይ ጤፍ በልተው ብቻ ይድናሉ ብላችሁ የታዘዘውን መድኃኒት እንዳታስቀሩ። በሌላ በኩል ሊጡ በእርሾ በደንብ ሲብላላ በጤፉ ውስጥ ያለው ብረት ለሰውነት ይቀላል። ጊዜውን ጠብቆ የቦካ እንጀራ ከመጣፈጡም በላይ ጥቅም አለው።

ጤፍ ላይ ማሽላ ቀላቅሎ መጋገር የሚያሳፍር አይደለም። በብዙ የአገራችን ክፍሎች ሰው የሚያድገው በዚያ ነው። ኩንታል ለብቻ መግዛት ከከበደ ደግሞ ሦስት አራት ጎረቤት ገንዘብ አዋጥቶ ከእህል በረንዳ ወይም ከሸማቾች ማኅበር አንድ ላይ ቢገዛ፣ በኪሎ ከሱቅ ከመግዛት ይሻላል። ዕቁብ የምናውቅ ሕዝብ የጤፍ ዕቁብ ማቋቋም አያቅተንም።

ከጉሊት ጎመን አይቅር

አንድ እስር የሐበሻ ጎመን ከጉሊት በምትገዙበት ብር የሚገኘውን ያህል ጥቅም ከሌላ ቦታ ማግኘት ይቸግራል። ቅጠሉ ለዓይን የሚበጅ ቫይታሚን ኤ የሚሆን ንጥረ ነገር፣ ለአጥንት የሚሆን ካልሲየምና ሌላም አለው። ጥቅል ጎመን ሆድ ያስታግሳል፤ ጥቁር አረንጓዴ ከሆነው የሐበሻ ጎመን ጋር ግን አይወዳደርም። ቆስጣም ጥሩ ነው፤ ሆኖም በውስጡ ያለው ካልሲየም ለሰውነት እንደ ሐበሻ ጎመን ካልሲየም አይመችም። አንዱን መምረጥ ካለባችሁ ሐበሻውን ምረጡ። ሲሠራ ጥቂት ዘይት ይግባበት፤ ቫይታሚን ኤ ያለ ቅባት በደንብ አይወሰድም። አጥባችሁ ክተፉት እንጂ ከትፋችሁ አትጠቡት፤ የቀቀላችሁበትንም ውኃ አትድፉት።

ካሮት፣ ዱባ፣ ፓፓያና ማንጎም የዚሁ ወገን ናቸው። በደቡቡ የአገራችን ክፍል የሚመረተው ውስጡ ብርቱካናማ የሆነ ስኳር ድንች ሲገኝ ደግሞ እንዳያመልጣችሁ፤ ተቀቅሎ ለሕፃን ተፈጭቶ ቢሰጥ ጣፋጭም ጠቃሚም ነው።

ገበያ ላይ ወቅትን መከተል ትልቅ ቁጠባ ነው። ክረምት ሲገባ ቲማቲምና ሽንኩርት ሲወደዱ ጎመን በየጓሮው ይለመልማል፤ በነሐሴና በመስከረም የበቆሎ እሸት ይደርሳል። የመኸር ምርት ከገባ በኋላ ጥራጥሬ ስለሚረክስ ያን ጊዜ የተገዛ ሽምብራና አተር እስከ ክረምት ያደርሳል። ሽንኩርት ሲወደድ ወጡን በሽንኩርት ብዛት ማወፈር ግዴታ አይደለም። ጥቂት ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትና ቲማቲም ይበቃል፤ የሚያጠግበው ሽሮውና ምስሩ ነውና።

የት እንግዛ ለሚለው፣ በየሰፈሩ የሚቆመው የእሁድ ገበያ ለብዙ ቤተሰብ ቅርብ ነው። ከፒያሳ ተነሥቶ ጃን ሜዳን አልፎ ሃይሌ ጋርመንት የሰፈረው አትክልት ተራ ብዙ ለሚገዛ ያዋጣል፤ ለሦስት ኪሎ ቲማቲም ግን የትራንስፖርቱ ዋጋ ትርፉን ይበላዋል። እዚያም በጋራ መግዛት ነው የሚሻለው። ጉሊት ላይ ደግሞ ወደ ማታ የሚቀር መደብ ይረክሳል፤ የተጨማደደ ካሮት ለወጥ ምንም አይልም፤ የበሰበሰና የሻገተ ግን በምንም ዋጋ አይወሰድም።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። በአዲስ አበባ በተበከሉ ወንዞች ዳር የሚበቅል አትክልት እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን። ቅጠላ ቅጠል ከየት እንደመጣ ጠይቁ፤ በሚፈስ ንጹሕ ውኃ ደጋግማችሁ እጠቡ። ለሕፃናት፣ ለነፍሰ ጡሮችና ለአዛውንቶች ደግሞ ጥሬ ሰላጣ ከምትሰጡ አብስላችሁ ስጡ።

እንቁላል፣ ወተትና የሕፃኑ ድስት

አንድ እንቁላል ወደ 6 ግራም ፕሮቲን አለው። ከ6 ወር በላይ ላለ ሕፃን በደንብ የበሰለ እንቁላል በምጥን ገንፎው ውስጥ ሲገባ የምግቡ ጥራት በአንድ ጊዜ ይለወጣል። በሳምንት ለቤቱ የሚገዛው ስድስት እንቁላል ብቻ ከሆነ መጀመሪያ ለትንሹ ልጅ፣ ቀጥሎ ለነፍሰ ጡሯ ወይም ለአራሷ ይሁን። በብዙ ቤት ግን እንቁላሉ የሚቀርበው ለአባወራው ነው። አባቶች ሆይ፣ ይህን ስታነቡ አትቀየሙኝ፤ የእናንተ አጥንት አድጎ ጨርሷል፤ የልጁ ገና ነው።

በጾም ወራት የእንቁላልና የወተት ዋጋ ቀነስ እንደሚል የገበያ ሰው ያውቃል። ሕፃናትን ደግሞ ጾም አያስገድዳቸውም። ነገር ግን ብዙ እናቶች ድስቱና ማንኪያው የፍስክ ምግብ እንዳይነካው በመፍራት ለሕፃኑም የጾሙን ወጥ ሲሰጡ አይቻለሁ። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ለሕፃኑ አንዲት ትንሽ ድስትና የራሱ ማንኪያ ለብቻ ይቀመጥለት። እናት ጾሟን ትጾማለች፤ ልጅም እንቁላሉን ይበላል። ነፍሰ ጡሮች፣ አራሶችና ሕሙማንም የነፍስ አባታቸውን ቢያማክሩ መልካም ነው።

ስለ ምጥን ገንፎና አጥሚት አንድ ነገር ልበል። «ሰባት ዓይነት እህል አስፈጭቼ እሰጠዋለሁ» የሚሉ እናቶች ብዙ ናቸው። ዝርዝሩ ሲነገር ጤፍ፣ ገብስ፣ ስንዴ፣ በቆሎ፣ አጃ፣ ማሽላና ሩዝ ይሆናል። ሰባቱም እህል ናቸው፤ ለሕፃኑ አንድ ዓይነት ምግብ ነው። ሦስት እጅ እህል ላይ አንድ እጅ የተቆላ ሽምብራ፣ አተር ወይም ባቄላ ቢጨመር ግን ነገሩ ይለወጣል። ሁለት ዓይነት እህልና አንድ ጥራጥሬ ከሰባት ዓይነት እህል ይበልጣል፤ ወጪውም ያንሳል። ገንፎው ከማንኪያ ላይ ቶሎ የማይፈስ፣ ወፈር ያለ ይሁን። የቀጠነ አጥሚት የሕፃኑን ትንሽ ሆድ በውኃ ይሞላዋል። እስከ 6 ወር ድረስ ግን ከእናት ጡት ሌላ ምንም አያስፈልግም፤ ውኃም ቢሆን። በዚያ ጊዜ ብሩ መዋል ያለበት ለእናቲቱ ምግብ ነው።

ብር የማይጠይቁ ነገሮች

ገበታችን ላይ ያለውን ምግብ የበለጠ ጠቃሚ የሚያደርጉ፣ ተጨማሪ ብር የማይጠይቁ ልማዶች አሉ። ምስርና ጎመን ላይ ሎሚ ጠብ ማድረግ፣ ወይም አብሮ ቲማቲምና ቃሪያ መብላት በውስጣቸው ያለው ብረት ወደ ደም እንዲገባ ይረዳል። ሻይና ቡና ደግሞ ያንኑ ብረት ያግዳሉ። ስለዚህ ሻዩን ከምግብ ጋር ሳይሆን አንድ ሰዓት ያህል ቆይታችሁ ጠጡ። ለልጆች ከምሳ ጋር ሻይ መስጠት ይቅር።

ጨው ስትገዙ አዮዲን ያለውን ግዙ። እንቅርትን ይከላከላል፤ በእርግዝና ጊዜ ደግሞ ለፅንሱ አእምሮ አስፈላጊ ነው። ክዳን ባለው ዕቃ፣ ከፀሐይና ከእርጥበት ርቆ ይቀመጥ፤ ወጡ ሊወጣ ሲል ይጨመር። ብዙ መጨመር ግን አያስፈልግም፤ ደም ግፊት ያለበት ቤት ይህን አይርሳ።

ዘይት ስትመርጡ ከተቻለ በቅዝቃዜ የማይረጋውን፣ የኑግ፣ የሱፍ ወይም የመሰለውን ፈሳሽ ዘይት ውሰዱ። የሚረጋው የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ ለልብ የማይበጅ ቅባት ነው። አቅም ካልፈቀደ ደግሞ መጠኑን መቀነስ ራሱ ቁጠባም ጤናም ነው።

የአያት ቦርሳ

አሁን ወደ እኛ ወደ አያቶች ልምጣ። ልጅ ቤት ስንሄድ ባዶ እጃችንን መሄድ አንወድም። ከሱቅ ብስኩት፣ ከረሜላ፣ ቺፕስና ለስላሳ ይዘን እንገባለን፤ የልጅ ልጆቻችንም ቦርሳችን ላይ ይንጠላጠላሉ። ደስታው የሚገባኝ ነው። ግን እስቲ አንድ ሒሳብ አብረን እንሥራ። ብስኩቱ 50 ግራም ከሆነ ዋጋውን በ20 አባዙት፤ የአንድ ኪሎ ብስኩት ዋጋ ይመጣል። ቺፕሱ 25 ግራም ከሆነ በ40 አባዙት። ከዚያ ያገኛችሁትን ከአንድ ኪሎ ሽምብራ፣ ከአንድ ኪሎ ሙዝና ከእንቁላል ዋጋ ጋር አስተያዩት። ርካሽ ይመስለን የነበረው ነገር ከሁሉም ውድ ሆኖ ይገኛል። 300 ሚሊ ሊትር በሚይዝ አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ውስጥ ደግሞ ከ30 ግራም የማያንስ ስኳር አለ፤ ስድስት የሻይ ማንኪያ ያህል ማለት ነው። ለልጅ ሻይ ስድስት ማንኪያ ስኳር የሚጨምር አያት የለም።

በብስኩቱ ፈንታ ሁለት ብርቱካን፣ አራት ሙዝ ወይም ሦስት እንቁላል ይዞ መሄድ ነውር አይደለም። ለትልልቆቹ ልጆች ኮሎም ለውዝም ይሆናል፤ ከ5 ዓመት በታች ላሉት ግን ድፍን ኮሎና ለውዝ አትስጡ፤ ትንታ ሊያመጣ ይችላል።

ስለ ራሳችንም አንርሳ። ብቻቸውን የሚኖሩ ጡረተኞች እራት «ሻይ በዳቦ» ሲሆን አያለሁ። ምክንያቱ አንዳንዴ ብር ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን «ለአንድ ሰው ምን ድስት ይጣዳል» የሚል ነው። በዕድሜ ስንገፋ ጡንቻችን እየሟሸሸ ስለሚሄድ የፕሮቲን ፍላጎታችን አይቀንስም። ጡንቻ ሲደክም ሰው ይወድቃል፤ ከመውደቅ በኋላ የሚመጣውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ለስለስ ያለ ሽሮ፣ የምስር ሾርባ፣ የተቀቀለ እንቁላል ጥርስ ለሌለውም አይከብድም። አንድ ቀን የተሠራ ምስር ማቀዝቀዣ ካለ ለሁለት ሦስት ቀን ይሆናል፤ ከሌለም ሁለት ጎረቤታሞች ተራ በተራ መሥራት ይችላሉ። ስኳር ሕመም ያለበት ሰው ደግሞ ከነጭ ዳቦ ይልቅ ቂንጬና ጥራጥሬ ቢያዘወትር ይሻለዋል፤ መጠኑን ግን ከሐኪሙ ጋር ይነጋገር።

ብሩ በተራ ይውጣ

ደሞዝ ወይም የጡረታ አበል ሲገባ ገበያ ከመሄዳችሁ በፊት ቁጭ ብላችሁ ጻፉ። በዘንቢሉ ውስጥ መጀመሪያ የሚገባው ለወሩ የሚበቃ እህል፣ ጥራጥሬና አዮዲን ያለው ጨው ይሁን፤ እነዚህ ሳይበላሹ ይቆያሉ። ሁለተኛ፣ የጎመንና የእንቁላል ብር በአራት ሳምንት ተከፍሎ ለብቻው ይቀመጥ፤ ለሌላ ነገር አይነካ። ሦስተኛ ዘይት፣ ሽንኩርትና ቲማቲም ይከተላል። አራተኛ በወቅቱ የረከሰው ፍራፍሬ ይመጣል። ሥጋ ከቀረው ብር ላይ፣ በልክ ይገዛል። ስኳር፣ ብስኩትና ለስላሳ ከሁሉም በኋላ ናቸው፤ ብሩ እዚያ ሳይደርስ ካለቀ የቤታችሁ ጤና አልተጎዳም።

ይህ ሁሉ የኑሮ ውድነትን አያስቀረውም። ምንም ቢብቃቃ የማይበቃት ቤት እንዳለች አውቃለሁ፤ እንዲህ ያለ ጎረቤት ካላችሁ ከምታስፈጩት ሽሮ አንድ ጣሳ ማካፈል የቆየ ባህላችን ነው። ልጃችሁ በክብደት ወደ ኋላ ከቀረ፣ ከከሳ ወይም እግሩ ካበጠ ደግሞ ምግብ በማስተካከል ብቻ አትቆዩ፤ ወዲያውኑ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ከ5 ዓመት በታች ያለ ልጅ ባይታመምም በየጊዜው ይመዘን።

በዚህ ሳምንት ሁሉንም በአንድ ጊዜ ሞክሩ አልላችሁም። በሳምንት ውስጥ ለብስኩት፣ ለለስላሳና ለከረሜላ የወጣውን ብር ብቻ በአንዲት ወረቀት ላይ መዝግቡ። እሁድ ማታ ደምሩት። በድምሩ ስንት እንቁላልና ስንት እስር ጎመን እንደሚገዛ ደግሞ ጉሊት ላይ ያለችው እናት ትነግራችኋለች።